«ሃይባኔ ሬንሜይ» ሞትን አያቆነጅም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሃይባኔ ሬንሜይ» ስለተባለው የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) የተጻፈ ትችት አነበብኩ። ጸሐፊው አምስት ክስ አቅርበዋል። ታሪኩ አይንቀሳቀስም፤ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ዘሎ ከስድስተኛው ቢጀምር የሚቀርበት ነገር የለም ይላሉ። ደራሲው እንቆቅልሽ ደርድሮ ሳይፈታ ሄዷል ይላሉ። የመላእክትን ክንፍና አክሊል ከክርስትና ወስዶ መጫወቻ አድርጎታል ይላሉ። ሥዕሉ አርጅቷል ይላሉ። አምስተኛውና ከባዱ ክስ ደግሞ ይህ ነው፦ ፊልሙ ሞትን፣ በተለይም ራስን ማጥፋትን፣ ያቆነጃል፤ ስለዚህ ወጣቶች ባያዩት ይሻላል።

ይህ የመጨረሻው ባይኖር መልስ አልጽፍም ነበር። አንዱ የወደደውን ሌላው ቢሰለቸው ምንም አይደለም። ግን አንድን ሥራ የሚለውን ገልብጦ ማቅረብ፣ ያውም በእንዲህ ያለ ጉዳይ፣ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ላላዩት ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። መጨረሻውንም እናገራለሁ፤ አለዚያ መልስ መስጠት አይቻልም።

«ሃይባኔ ሬንሜይ» እ.ኤ.አ. በ2002 መገባደጃ በጃፓን ቴሌቪዥን የታየ፣ 13 ክፍል ያለው ተከታታይ ነው። ደራሲው ሠዓሊው ዮሺቶሺ አቤ ነው። ታሪኩን የጀመረው ራሱ ባሳተማቸው ትንንሽ የሥዕል መጻሕፍት ነው። ዳይሬክተሩ ቶሞካዙ ቶኮሮ፣ ሙዚቃው የኮው ኦታኒ። አንዲት ልጅ ከሰማይ ስትወድቅ ሕልም ታያለች። አንድ ቁራ ልብሷን ይዞ ሊያስቀራት ይታገላል፤ አልቻለም። ከዚያ እንደ ሐር ትል መጠቅለያ ባለ ትልቅ ኮኩን ውስጥ ትነቃለች። ስሟንም፣ ማን እንደነበረችም አታስታውስም። የተቀበሏት ሴቶች ጀርባቸው ላይ አመድማ ክንፍ፣ ከራሳቸው በላይ የብርሃን ቀለበት አላቸው። ሃይባኔ ማለት እነሱ ናቸው። ለእሷም እንደ ሕልሟ ራካ፣ «መውደቅ»፣ የሚል ስም ያወጡላታል። አሮጌው ቤት በሚባል የተተወ ትልቅ ሕንፃ ይኖራሉ። ከተማዋ ግሊ ትባላለች። ዙሪያዋ ረጅም ግንብ ነው፤ ማለፍ ቀርቶ መንካት እንኳ ክልክል ነው። አንዳንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ትጠፋለች፤ የበረራ ቀኗ ደርሷል ይባላል። ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ክሶቹ።

«ምንም አይሆንም፤ ልጆቹ ይጠርጋሉ፣ ይበላሉ፣ ያወራሉ» ይላሉ ጸሐፊው። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ። ራካ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ክንፎቿ ጀርባዋን ቀደው ይወጣሉ። ደም አለው፤ ያምማል፤ ትጮኻለች። ሬኪ የምትባለው ትልቋ ልጅ አጠገቧ ሆና ትይዛታለች። ክንፎቹ ከወጡ በኋላ ያ ደም ከደረቀ ላባው ስለሚበላሽ፣ ሬኪ ራካ ተኝታ ሳለ በውሃና በብሩሽ እያንዳንዷን ላባ ታጥባለች። ሌሊቱን ሙሉ። ይህ «ምንም» ከሆነ፣ እናት የታመመ ልጇ አልጋ ሥር ስታነጋ የምታደርገውም ምንም ነው።

ቀጥሎ ያሉት ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። ሃይባኔዎች ገንዘብ መያዝ አይፈቀድላቸውም። አዲስ ነገር መግዛትም አይፈቀድላቸውም፤ የሚለብሱት ሰው ለብሶ የተወውን ነው። ክፍያቸው ከትንሽ ደብተር የሚቀደድ ወረቀት ነው። ሁሉም ይሠራሉ። ሂካሪ ዳቦ ቤት፣ ካና የሰዓት ማማው ላይ፣ ኔሙ ቤተ መጻሕፍት። ሬኪ ትንንሾቹን ታሳድጋለች። ራካ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሄደች ሥራቸውን ትሞክራለች፤ እኛም እያንዳንዷን በሥራዋ እናውቃታለን።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ኩኡ ትሄዳለች። ኩኡ ከሁሉም ታናሽ የምትመስለው ልጅ ናት። ራካ ስትመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ መሆን ስለቻለች ደስ ብሏት ነበር። ከመሄዷ በፊት ለራካ አንድ ነገር ትነግራታለች፦ ውስጤ ብርጭቆ አለ፣ ጠብ እያለ እየሞላ ነው። ራካ አልገባትም። ዝናብ ባለበት ቀን ኩኡ ጠፋች። ጫካው ውስጥ ያገኙት ቀለበቷን ብቻ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ጀምሩ ነው የሚሉን። ከዚህ የጀመረ ሰው የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ነው። ሁሉም ሲያለቅስ እሱ ጫማውን ያያል። እነዚያ አምስት ክፍሎች ኩኡን የምናውቅባቸው ናቸው። ሞት እንዴት እንደሚሰማ የሚናገር ፊልም መጀመሪያ የሚሞተውን ሰው ማስወደድ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ክስ የእንቆቅልሹ ነው። ከግንቡ ውጭ ምን አለ? ፊታቸውን ሸፍነው እየመጡ የሚነግዱት ቶጋዎች እነማን ናቸው? ማን ነው ይህንን ከተማ የሠራው? አይነገርም፤ እውነት ነው። ግን ሃይባኔዎቹ ራሳቸው አያውቁም። ካሜራው ከእነሱ ቁመት በላይ አይወጣም። እኛ ወዳጅ ስንቀብር ማዶ ያለውን ከፍቶ የሚያሳየን ማን አለ? ፊልሙ ያንን አለማወቅ ነው የሚያካፍለን። አቤ ግንብ የታጠረችውን ከተማ ሲያስብ የጃፓናዊው ደራሲ የሃሩኪ ሙራካሚ አንድ ልብ ወለድ እንዳነሳሳው ተናግሯል። ዋናው ነገር፣ ለታሪኩ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሁሉ ተመልሷል። የራካ ክንፍ ለምን ጠቆረ? ሬኪ ለምን መብረር አቃታት? ቁራው ማን ነበር? እነዚህ መልስ አላቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ክስ ሃይማኖትን የሚነካ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ። ጸሐፊው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያነሳሉ። እነዚያ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ያሳደጉት ሰው እንዴት ይህንን ቀልድ ይቀበላል ይላሉ። ለዚያ ጣሪያ ያላቸውን ፍቅር እጋራለሁ። ግን የጣሪያው መላእክት ከላይ ሆነው ወደ እኛ የሚያዩ ናቸው። ሃይባኔዎች ከታች ሆነው ወደ ላይ የሚያዩ ናቸው። መልእክት አያደርሱም። ማንንም አይጠብቁም። መብረርም አይችሉም። ሬኪ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ስኩተር ትነዳለች። የብርሃን ቀለበታቸው በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ነው፤ የራካ አልቀመጥ ብሎ በሽቦ ታስሮ ነው የቆየው። ሂካሪ ያንኑ ቅርጽ ማውጫ ወስዳ ፓንኬክ ጋግራበታለች። በኋላ ተጸጽታ የሃይባኔዎችን ጉዳይ ለሚከታተለው ሽማግሌ ትናዘዛለች። አቤ ገና ከመጀመሪያው እነዚህ መላእክት አይደሉም እያለን ነው። ያልተጠናቀቁ ሰዎች ናቸው።

ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከክርስትና የተወሰደ አድርጎ ማየት ጃፓንን መዝለል ነው። ጃፓናዊ ተመልካች ከወላጆቹ ቀድሞ ስለሞተ ልጅ ሲያስብ ሳይ ኖ ካዋራ የሚባለው የወንዝ ዳር ይመጣበታል። በዚያ አገር እምነት እነዚህ ልጆች ወንዙን መሻገር አይችሉም። ዳር ተቀምጠው ለወላጆቻቸው ብለው ጠጠር ይከምራሉ። አጋንንት እየመጡ ያፈርሱባቸዋል። እንደገና ይከምራሉ። ጂዞ የሚባለው የልጆች ጠባቂ መጥቶ በልብሱ ውስጥ እስኪሸሽጋቸው ድረስ። በጃፓን መንገድ ዳርና መካነ መቃብር ቀይ ጨርቅ የታሰረለት ትንሽ የድንጋይ ሐውልት ያየ ሰው ጂዞን አይቷል። ሲኦልም ገነትም ያልሆነ፣ ልጆች ተደጋግፈው የሚቆዩበት ቦታ፣ ለዚያ ሕዝብ አዲስ ሐሳብ አይደለም።

ሥዕሉ አርጅቷል ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም። የ2002 ሥራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እንቅስቃሴው ይጎድላል። ቀለሙ ግን ሆን ተብሎ የደበዘዘ ነው፤ ለታሪኩም ይስማማል።

አሁን ወደ ዋናው።

ጸሐፊው ራካና ሬኪ በገዛ እጃቸው ከሕይወት የወጡ ናቸው ይላሉ። ፊልሙ ይህንን በግልጽ አይናገርም። ግን ብዙ ተመልካች እንዲያ ይረዳዋል፤ እኔም እንዲያው እረዳዋለሁ። የራካ ሕልም መውደቅ ነው። የሬኪ ሕልም በሌሊት የባቡር ሐዲድ ላይ መሄድ ነው። እስከዚህ አንለያይም። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። «ሞቱ፤ ክንፍ አወጡ፤ ጓደኛ አገኙ፤ በመጨረሻም በብርሃን ሄዱ፤ የተጨነቀ ልጅ ከዚህ ምን ይማራል?» ብለው ይጠይቃሉ።

እስቲ ምን እንደሚታይ እንመልከት። ኩኡ ከሄደች በኋላ ራካ ድባቴ ውስጥ ትገባለች። አትበላም፤ ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። አንድ ቀን ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታያለች። ትደብቀዋለች። ጥቁሩ ይሰፋል። መቀስ አንስታ የጠቆሩትን ላባዎች እየቆረጠች ትጥላለች። ሬኪ ታገኛታለች። የሚገርመው ሬኪ አትደነግጥም፤ ጥቁሩን የሚሸፍን መድኃኒት አዘጋጅታ ነበር። ምክንያቱም የእሷም ክንፍ ጥቁር ነው። ለዓመታት እየቀባች ደብቃዋለች። እንግዲህ ይህ ነው ቆነጀ የተባለው። ማዶ የተሻገረ ሁሉ ሸክሙን ይዞ ነው የመጣው። ስሙን ረስቷል፤ ቁስሉን ግን አልረሳም። ፊልሙ ከሞት በኋላ ዕረፍት አለ ብሎ ለማንም ቃል አልገባም። እዚያም ደርሰህ ያው ጥያቄ ይጠብቅሃል ነው የሚለው።

ቀጥሎ ራካ ቁራዎችን ተከትላ ወደ ጫካው ትገባና ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። ታችኛው ወለል ላይ የወፍ አጽም አለ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሕልሟ ይመለስላታል። ያ ልብሷን ይዞ ሊያስቀራት የታገለው ቁራ፣ በቀድሞ ሕይወቷ የሚወዳት ሰው ነበር። ማንም አይፈልገኝም ብላ ነበር የወደቀችው። ተሳስታ ነበር። አንድ ሰው እስከዚህ ድረስ ተከትሏት መጥቷል። ራካ አጽሙን ቀብራ ታለቅሳለች። እኔ ሞትን የሚያሳምር ሥራ የሟቹን ስህተት እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር አላየሁም። «ሸክም ነኝ፣ ባልኖር ማንም አይጎዳም» የሚለው ሐሳብ ውሸት ነው ይላታል፤ ማስረጃውንም እጇ ላይ ያስቀምጥላታል።

ከዚያ ከሽማግሌው ጋር የምታደርገው ንግግር አለ። ሽማግሌው ኃጢአቱን ያወቀ ሰው ኃጢአት የለበትም ይላታል። ታዲያ አንቺ ኃጢአተኛ ነሽ? ብሎ ይጠይቃታል። ራካ ታስባለች። አውቄዋለሁና የለብኝም ካለች፣ የለብኝም ማለቷ ራሱ አለማወቅ ነው፤ ተመልሳ ኃጢአተኛ ትሆናለች። አለብኝ ካለች ደግሞ ያው ክብ ይዞራል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከዚህ ክብ አይወጣም። ራሱን ሲከስ ራሱ ዳኛ ነው፤ ራሱን ሲምር ደግሞ ራሱን አያምነውም። ክቡን የሚሰብረው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንለው እዚህ ጋ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ለራካ ቁራው መጣላት። ለሬኪስ?

ሬኪ ከኮኩኗ ስትወጣ ማንም አጠገቧ አልነበረም። ከጅምሩ ክንፏ ጥቁር ነበር። ኩራሞሪ የምትባል ሃይባኔ አሳደገቻት፤ ኩራሞሪም ጊዜዋ ደርሶ ሄደች። ሬኪ የተጣለች መሰላት። ከዚያ በኋላ ያለችው ሬኪ እኛ የምናውቃት ናት። ለሁሉ የምታበስል፣ ለሁሉ የምትሮጥ፣ የራሷን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ የዋጠች። ሌሊት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ገብታ ያንን ጨለማ ሐዲድ ግድግዳው ላይ ትሥላለች። ክረምቱ ሲያልቅ የእሷም ቀን ያበቃል። መብረር ያልቻለ ሃይባኔ ክንፉንም ቀለበቱንም አጥቶ ከሁሉም ተለይቶ ያረጃል።

በ13ኛው ክፍል ጸሐፊው ያዩት ብርሃኑን ነው። ከብርሃኑ በፊት ያለውን ትዕይንት ግን ጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁትም። ሬኪ ራካን ከክፍሏ ገፍታ ታስወጣታለች። ሲከፋት ሁሉንም ትናገራለች፦ ደግ የሆንኩት ለእናንተ ብዬ አይደለም፣ ደግ ብሆን እድናለሁ ብዬ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ኑዛዜ ግንኙነቱን የሚያፈርስ ነው። ራካ ግን የሬኪን ማስታወሻ አንብባ ትመለሳለች። በሕልሙ ውስጥ ባቡሩ እየመጣ ነው። ሬኪ ሐዲዱ ላይ ቆማለች። ራካ መድረስ አልቻለችም። ለምን? ሬኪ በሕይወቷ ሙሉ ማንንም ለምና ስለማታውቅ ነው። እርዳታ ብለምን ማንም ባይመጣስ ብላ ስለምትፈራ ነው። በመጨረሻ ሁለት ቃል ይወጣታል፦ ራካ፣ አድኚኝ። ያኔ መንገዱ ይከፈታል፤ ራካ ደርሳ ከባቡሩ ፊት ትጎትታታለች።

ሬኪን ያዳናት መሄዷ አይደለም። ከመሄዷ በፊት የመጣው ጩኸት ነው። ያንን ቃል ባትል ኖሮ ባቡሩ ነበር የሚጠብቃት። ይህንንም ፊልሙ አይደብቅም፤ ባቡሩ ሲመጣ ያሳያል። ታዲያ የተጨነቀ ልጅ ምን ይማራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው ትዕይንት ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄውን ላነሱት ጸሐፊ አከብራቸዋለሁ፤ መልሱን ግን ዘልለውታል።

ፊልሙ በየትኛው ጊዜ እንደወጣም ማየት ይጠቅማል። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2011 በየዓመቱ ከ30,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋ ነበር። ፊልሙ ከታየ በኋላ ባለው ዓመት፣ በ2003፣ ቁጥሩ 34,427 ደረሰ። መንግሥት ይህንን ለመከላከል የተለየ ሕግ ያወጣው በ2006 ነው። ማለትም አቤ ሲጽፍ ነገሩ በየሰፈሩ ነበር፤ አደባባይ ላይ ግን በቂ አልተወራም። በዚያ መካከል አንድ ሠዓሊ ስለተረፉት ሐዘን ብቻ ሳይሆን ስለሄደውም ሰው በርኅራኄ ማሰብ ደፈረ።

ጸሐፊው ለአማርኛ አንባቢ ስለጻፉ ወደ ራሳችንም ልምጣ። እኛ ዘንድ በገዛ እጁ የሞተ ሰው ጉዳይ በሹክሹክታ ነው የሚያልፈው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት አእምሮውን ታሞ ካልሆነ በስተቀር ፍትሐት አይደረግለትም። ስለ ሥርዓቱ ለመከራከር አይደለም የማነሳው። ግን ቤተሰቡ ላይ የሚያሳድረውን አውቃለሁ። «በድንገተኛ ሕመም ነው» ይባላል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እናት ልጇን አጥታ ልጇ እንዴት እንደሞተ እንኳ መናገር አትችልም። ታናሽ ወንድም ያንን ዝምታ እያየ ያድጋል፤ እሱም አንድ ቀን ሲከፋው ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ወጣቶች ይህንን ፊልም አይዩ ማለት በዚያ ዝምታ ላይ ሌላ ዝምታ መጨመር ነው። በየቤታችን ሬኪዎች አሉ። ከሁሉም በላይ የሚረዱት፣ የሚስቁት፣ «እኔ ደህና ነኝ» የሚሉት ናቸው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ፊልም አይደለም። ክንፍና ፓንኬክ አይቶ የልጆች ነው ብሎ ስልክ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ ይሳሳታል። አሁን በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያለ ሰውም ብቻውን ሌሊት ተቀምጦ እንዲያየው አልመክርም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ይናገር፦ ለወንድም፣ ለጓደኛ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለሐኪም። ፊልሙን ከዚያ በኋላ ከዚያው ሰው ጋር አብሮ ቢያየው ይሻላል። ለታዳጊዎችም ቢሆን አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ቢቀመጥና ከስምንተኛው ክፍል፣ ከጉድጓዱ፣ በኋላ ቆም ብለው ቢያወሩ ጥሩ ነው። ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምሩ፤ ከስድስተኛው አይደለም።